ከሞተር ሳይክል ሞተር እስከ አቃቂ ሜዳ፦ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሕይወት

በአዲስ አበባ ጉለሌ መካነ መቃብር ያረፉት አሜሪካዊው አብራሪ ኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን በአገራችን ታሪክ የሚታወሱት ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን የአገሪቱን ጥቂት አውሮፕላኖች በመምራታቸው ነው። ከኢትዮጵያ ያገናኛቸው ሙያ ግን የተጀመረው ወደዚህ ከመምጣታቸው ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በቺካጎ ከተማ ከጓደኞቻቸው ጋር በገዛ እጃቸው በገጣጠሟት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነው። ያቺ አውሮፕላን የተነዳችው በሞተር ሳይክል ሞተር ነበር።

ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ተወልደው ያደጉት በሚሲሲፒ ግዛት ጋልፍፖርት በተባለች የወደብ ከተማ ነው። ወላጅ አባታቸው በሕፃንነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸውና የባቡር ሠራተኛ የነበሩት የእንጀራ አባታቸው ናቸው። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ጥቁር ሕዝብ በትምህርት ቤት፣ በባቡርና በሆቴል ሁሉ ከነጩ ተለይቶ እንዲኖር ሕግ ያስገድድ ስለነበር፣ አንድ ጥቁር ልጅ አብራሪ እሆናለሁ ማለቱ እንደ ቅዠት ይቆጠር ነበር። ሮቢንሰን በአላባማ ወደሚገኘው ታዋቂው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ወደ ተስኪጊ ሄደው የመኪና መካኒክነት ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ተመርቀውም ወደ ሰሜን በማቅናት በመጀመሪያ በዲትሮይት፣ ቀጥሎም በቺካጎ በጋራዥ ሥራ ተሰማሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ብዙዎች ስለ ሮቢንሰን ሲጽፉ ከአብራሪነታቸው ይጀምራሉ። እኒህ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድመው መካኒክ ነበሩ። ሞተር ፈትተው መግጠም፣ ድምፁን ሰምተው ሕመሙን ማወቅ፣ በብልሃት ከአሮጌ ዕቃ አዲስ ማውጣት የለመዱ ናቸው። በኋላ የገጠማቸውን በር ሁሉ ያስከፈታቸው ይኸው ችሎታ ነው።

በቺካጎ ኮርኔሊየስ ኮፊ ከተባሉ እንደ እርሳቸው ጥቁር ከሆኑ መካኒክ ጋር ተዋወቁ። ሁለቱም በከተማዪቱ ወደነበረው ወደ ከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ለመግባት ፈለጉ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። ሮቢንሰን በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው፣ ክፍል ሲጠርጉና ቆሻሻ ሲያወጡ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ የቀረውን እየገለበጡ፣ በበር በኩል የሚሰማውን እየሰሙ ይማሩ እንደነበር ይነገራል። ከዚያም የሚያውቁትን ይዘው ጓደኞቻቸውን ሰበሰቡና የበረራ ጥናት ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ሄዝ ፓራሶል የተባለችውን ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን ክፍሎቿን ገዝቶ ለመገጣጠም ተነሣ።

ስለዚህች አውሮፕላን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፓራሶልን የነደፉት የዚያው የቺካጎ ከተማ ነዋሪ ኤድዋርድ ሄዝ ናቸው። የክንፍና የአካል ክፍሎቿ ተለያይተው በሣጥን ለገዢ ይላካሉ፤ ገዢውም እቤቱ ወይም ጋራዡ ውስጥ ይገጣጥማታል። ባዶ ክብደቷ ከ150 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጎበዞች ጅራቷን አንሥተው ወደፈለጉበት ያዞሯታል። ክንፏ ከአብራሪው ራስ በላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ነው፤ ስሟም የመጣው ከዚሁ ነው። የአውሮፕላን ሞተር በዚያን ጊዜ ዋጋው ለሠራተኛ የማይደፈር ስለነበር፣ ሄዝ ሄንደርሰን የተባለውን ባለ አራት ሲሊንደር የሞተር ሳይክል ሞተር ቀይረው እንዲያገለግል አደረጉ። ጉልበቱ 27 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር።

ከሞተር ሳይክል ተፈትቶ አውሮፕላን ላይ የሚገጠም ሞተር ጠባዩ ይለወጣል። ሞተር ሳይክሉ ላይ ሳለ ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያደርሰው በማርሽና በሰንሰለት ነው፤ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠውም ለጥቂት ሴኮንዶች፣ ዳገት ሲወጣ ወይም ሌላ ተሽከርካሪ ሲቀድም ነው። አውሮፕላን ላይ ግን ማርሹ ይወጣና ፕሮፔለሩ በቀጥታ ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር ይታሰራል። ከመሬት ለመነሣትና ከፍታ ለመያዝ ሞተሩ ለብዙ ደቂቃዎች ያለ ዕረፍት በሙሉ ኃይሉ መሥራት አለበት። በዚያ ላይ ፕሮፔለሩ ዘንጉን ወደ ፊት እየጎተተ ስለሚወጥረው፣ ይህን ጉተታ የሚችል ኩሽኔታ ካልተጨመረለት ሞተሩ ውስጡን ይበላል። በየወፍጮ ቤቱ የመኪና ሞተር ገጥመው እህል የሚያስፈጩ ሰዎች የዚህን ነገር ትርጉም ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ ለመንገድ የተሠራ ሞተር ቀኑን ሙሉ ጫና ላይ ሲውል ይግላል፣ ዘይት ይበላል፣ ካንዴላው ይጠቁራል።

የፕሮፔለሩ ነገር ደግሞ ከዚህም ይረቃል። ፕሮፔለር በአየር ውስጥ የሚሽከረከር የእንጨት ክንፍ ነው፤ ርዝመቱና የምላጩ ጥምዝ ከሞተሩ ጉልበት ጋር መስማማት አለባቸው። ይህን ከበሬ እርሻ ጋር ማመሳሰል ይቻላል። ማረሻው ከልክ በላይ ጠልቆ ከገባ በሬዎቹ ይጨነቃሉ፣ እርምጃቸውም ይቆማል፤ ላይ ላዩን ከጫረ ደግሞ በሬዎቹ ይሮጣሉ እንጂ መሬቱ አይገለበጥም። የፕሮፔለሩ ምላጭ ጥምዙ ከበዛ ሞተሩ ታንቆ ወደሚገባው ዙር ሳይደርስ ይቀራል፤ ጥምዙ ካነሰ ሞተሩ እየጮኸ በከንቱ ይዞራል፣ የሚጎትተው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሞተር የቀየረ ሰው ፕሮፔለሩንም እንደገና መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ሁለቱን በአንድ ቀን ቀይሮ ወደ ሰማይ መውጣት ግን የሚመከር አይደለም፤ ችግር ቢፈጠር ከየትኛው እንደመጣ መለየት አይቻልምና።

የሙከራው ሥርዓት ትዕግሥት ይጠይቃል። አውሮፕላኑ ጅራቱ ከጠንካራ ግንድ ጋር ይታሰራል፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፋሉ፣ ሞተሩ ሙሉ ኃይሉ ተለቆ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ይቆጠራል። ከዚያ ይጠፋና እያንዳንዱ ብሎን እየተዳሰሰ ይታያል፤ ካንዴላው ተፈትቶ ቀለሙ ይመረመራል፤ ቤንዚንና ዘይት የሚያፈስበት ቦታ ይፈለጋል። ይህ ደጋግሞ ሲሳካ ብቻ አውሮፕላኑ ተፈትቶ በሜዳው ላይ እንደ መኪና ይነዳል። ቀጥሎ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ተነሥቶ ወዲያው ያርፋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በረራ የሚታሰበው። ነገሩ ጨዋታ አይደለም፤ ኤድዋርድ ሄዝ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1931 አዲስ የሠሩትን አውሮፕላን ሲሞክሩ ተከስክሰው ሞተዋል።

ለሮቢንሰንና ለጓደኞቻቸው በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ነበረባቸው። ሠርተው የጨረሷት አውሮፕላን ብትከሰከስ ስብራቱ የእንጨትና የጨርቅ ብቻ አይሆንም፤ ጥቁር ሰው የአውሮፕላን ሥራ አይችልም ለሚሉት ማስረጃ መስጠት ይሆናል። ሥራው ሲጠናቀቅ ከትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች አንዱ እንዲመረምራት ተጠየቀ፤ መርምሮም ራሱ ይዟት ወደ ሰማይ ወጣ፤ በደኅናም ተመለሰ። ክፍል ይጠርጉ የነበሩት ሰው ምን እንደሚችሉ ከዚያን ቀን በኋላ ለመካድ አስቸጋሪ ሆነ። ሆኖም ትምህርት ቤቱ በሩን የከፈተው በፈቃዱ ብቻ አልነበረም። ሮቢንሰንና ኮፊ የትምህርት ክፍያ ከፍለው ሲቀርቡ ጥቁር መሆናቸው ታይቶ ተከልክለው ነበር፤ የኮፊ አሠሪ የነበሩ ነጭ የጋራዥ ባለቤት ትምህርት ቤቱን በፍርድ ቤት እንደሚከሱ በማስፈራራታቸው ነው ተቀባይነት ያገኙት። እ.ኤ.አ. በ1931 ሁለቱም ከክፍላቸው ግንባር ቀደም ሆነው ተመረቁ፤ ወዲያውም እዚያው ለጥቁር ተማሪዎች ማስተማር ጀመሩ።

ትምህርቱ ቢገኝም ማረፊያ ሜዳ የሚፈቅድላቸው አልነበረም። ስለዚህ በቺካጎ አጠገብ በምትገኘው ሮቢንስ በተባለች የጥቁሮች ከተማ መሬት አግኝተው፣ ድንጋዩን ለቅመው፣ ጉቶውን ነቅለው የራሳቸውን የአውሮፕላን ማረፊያ አበጁ። እ.ኤ.አ. በ1933 ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ የአውሮፕላን መጠለያቸውን አፈረሰው። ሥራቸውን ግን አላቆሙም፤ ወደ ሌላ ሜዳ ተዛወሩ። በቀጣዩ ዓመት ሮቢንሰን የተመረቁበትን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ ተስኪጊ የበረራ ትምህርት እንዲጀምር ለማግባባት ከኮፊና ከግሮቨር ናሽ ጋር በሁለት አውሮፕላን ወደ ደቡብ ተጓዙ። በመንገድ ላይ አላባማ ውስጥ ዲኬተር ከተማ ሲደርሱ አንዱ አውሮፕላን ተሰበረ። ሮቢንሰን የናሽን ትንሽ አውሮፕላን ይዘው ብቻቸውን ጉዟቸውን ጨረሱ። ትምህርት ቤቱ ያን ጊዜ ሐሳቡን ባይቀበልም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝናቸው የናኘው የተስኪጊ ጥቁር አብራሪዎች ከዚያ ወጡ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ሮቢንሰንን የእነርሱ አባት የሚሏቸው ስለዚህ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ያመጣቸው ጣሊያን ለወረራ መዘጋጀቷ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ የነበሩትና በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን ስለ ሮቢንሰን ችሎታ ሰምተው ጥሪውን አደረሱላቸው። ሮቢንሰንም ጥሪውን ተቀብለው በ1927 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል አዲስ አበባ ደረሱ። በዚያው ክረምት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኮሎኔልነት ማዕረግ ሰጥተው የአየር ኃይሉ አዛዥ አድርገው ሾሟቸው።

ከእርሳቸው በፊት ሌላ ጥቁር አብራሪ፣ ሒዩበርት ጁሊያን፣ ወደ አገራችን መጥተው ነበር። ጁሊያን ትርኢት የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ በ1923 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በፊት በልምምድ ላይ ሳሉ አዲስ የመጣችውን የንጉሡን አውሮፕላን ሰብረው ከአገር እንዲወጡ ተደርገዋል። በ1927 ዓ.ም. ተመልሰው ቢመጡም ከሮቢንሰን ጋር ስላልተስማሙ አልቆዩም። ሮቢንሰን ዝምተኛ ነበሩ፤ ልብሳቸውም አብዛኛውን ጊዜ በዘይት የተነካ የመካኒክ ልብስ ነበር ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም።

የተረከቡት አየር ኃይል ግን የሚያሳዝን ነበር። አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1921 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊን የመሰሉ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች የወጡትም ከዚያ ወዲህ ነው። ጦርነቱ ሲቃረብ የነበሩት አውሮፕላኖች ከሁለት ደርዘን የማይበልጡ፣ መብረር የሚችሉት ከዚያም ያነሱ፣ በአሠራር የተለያዩ፣ ዘገምተኛና ለውጊያ ያልታጠቁ ነበሩ። የፈረንሳዩ ፖቴዝ፣ የጀርመኑ ዩንከርስ፣ ሌሎችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለዋወጫ ያስፈልጋቸዋል፤ የአንዱ ካንዴላ ለሌላው አይሆንም። የጣሊያን አውሮፕላኖች ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ ሮቢንሰን ያገኙት ሥራ ከአየር ላይ ውጊያ ይልቅ አንዱን ሞተር ፈትቶ ሌላውን ማስነሣት፣ መልእክትና መድኃኒት ማድረስ፣ ወጣቶችን ማሠልጠን ነበር።

ከፍታው ራሱ ጠላት ነበር። ሮቢንሰን ሞተር ማስተካከል የተማሩባት ቺካጎ ከባሕር ጠለል በላይ 180 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ አላት። የአዲስ አበባ አካባቢ ግን ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ ለገጣፎና ሱሉልታ ደግሞ ከዚህም ከፍ ይላሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው ስለሚያንስ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ይሳሳል፤ ክንፉን የሚያነሣውም እንዲሁ። የሦስቱ ጉድለት ተደማምሮ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት እጅግ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። በደጋ መስኖ የሚያለሙ ገበሬዎቻችን ይህን ከውሃ መሳቢያ ሞተራቸው ያውቁታል፤ ሞተሩ ላይ የተጻፈው ጉልበት በቆላ ወንዝ ዳር የሚገኘው እንጂ ደጋ ላይ የሚገኘው አይደለም፤ ሻጮች ይህን ለገዢው ቢነግሩት ብዙ ጭቅጭቅ በቀረ ነበር።

በዚሁ ጊዜ በአዲስ አበባ ሌላ ታላቅ ሙከራ ይካሄድ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበሩት ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያ የሆነችውን አውሮፕላን ሠሩ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ፀሐይ ተባለች፤ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተገጠመላት፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ገደማ፣ ጦርነቱ እየተፋፋመ ሳለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረች። ጣሊያኖች ማርከው ወደ አገራቸው ወሰዷትና ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በሮም አቅራቢያ በሚገኝ የአየር ኃይል ሙዚየም ተቀምጣ ቆየች። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊትም አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከአሮጌ ቮልስዋገን መኪና የተወሰደ ሞተር የተገጠመላት አውሮፕላን ሠርቶ ብዙ ተነግሮለት ነበር፤ የበረራ ሙከራው ያሰበውን ያህል ባይሰምርለትም የገጠመው ፈተና ከሄዝ ፓራሶል ዘመን የተለየ አልነበረም፤ ለሌላ ሥራ የተሠራን ሞተር ከፕሮፔለር ጋር ማስታረቅ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን መረብን ተሻግራ ወረራዋን ስትጀምር ሮቢንሰን አድዋ ነበሩ። ከተማዪቱ ከአየር ስትደበደብ በዓይናቸው አዩ፤ ወሬውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በአዲስ አበባና በሰሜኑ ግንባር መካከል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ደሴ ከተዛወሩም በኋላ በዋና ከተማዋና በደሴ መካከል ይመላለሱ ነበር። አቅጣጫው ዛሬ በለገጣፎና በሰንዳፋ አልፎ ወደ ደሴ ከሚወጣው መንገድ ጋር ይቀራረባል። በዚህ መስመር መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን የሚበር ሰው መከላከያው ደመናና ተራራ ብቻ ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ሲያሳድዷቸው በሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብለው እያመለጡ፣ ከመርዝ ጋዙም ጉዳት ሳይተርፉ፣ ሥራቸውን እስከ መጨረሻው ቀጠሉ። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከመያዟ በፊት ከአገር ወጡ።

አሜሪካ ሲደርሱ በኒውዮርክና በቺካጎ በሺሕ የሚቆጠር ጥቁር ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ተቀበላቸው፤ ጋዜጦች ብራውን ኮንዶር፣ ቡናማው አሞራ፣ የሚል ቅጽል አወጡላቸው። በቺካጎ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ለአሜሪካ ጦር መካኒኮችን አሠለጠኑ። የሚያስገርመው ግን ዝናውም ገንዘቡም ባለበት አገር አለመቅረታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1944፣ ኢትዮጵያ ነፃነቷን ካገኘች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን ይዘው ተመለሱና ወጣት ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠን ጀመሩ። አንዳንዶች የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመሠረቱት እርሳቸው እንደሆኑ ይጽፋሉ፤ አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። የሮቢንሰን ድርሻ ሰው ማሠልጠን ነበር፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ከጦርነቱ በኋላ አየር ኃይሉን እንዲያደራጁ ስዊድናውያን መጡ። ሮቢንሰን ከስዊድኑ አዛዥ ከካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር አልተስማሙም፤ ጠባቸውም እስከ እጅ መሰናዘርና እስከ እስር አደረሳቸው። ለዚህች አገር ሕይወታቸውን ለሞት የሰጡ ሰው በዚህ መልክ ከአየር ኃይሉ መለየታቸው የሚያሳዝን ነው። ቢሆንም አገሪቱን ጥለው አልሄዱም። አዲስ አበባ ተቀምጠው ሲቪል ሥራ እየሠሩ፣ እያስተማሩም፣ መብረራቸውን ቀጠሉ።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ይዘው ከአንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ጋር ሲበሩ ተከሰከሱ። መሐንዲሱ ሞተ። ሮቢንሰን በጽኑ ቆስለው ሆስፒታል ከተኙ በኋላ መጋቢት 18 ቀን አረፉ፤ ዕድሜያቸው 50 ዓመት ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት አገራቸውን ከወረረው ሕዝብ ወገን ከሆነ ሰው ጋር በአንድ አውሮፕላን መጓዛቸው ዘመኑ ምን ያህል እንደተለወጠ ያሳያል። ቀብራቸው በጉለሌ በብዙ ሰው ታጅቦ ተፈጸመ። ቆይቶ መቃብራቸው ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ኖረ፤ ባለፉት ዓመታት ግን ተፈልጎ ተገኝቷል፤ በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲም አንድ የንባብ ሥፍራ በስማቸው ሰይሟል።

ያቺን ሄዝ ፓራሶል አብረዋቸው የገጠሙት ኮርኔሊየስ ኮፊ ቺካጎ ቀርተው እስከ እ.ኤ.አ. 1994 ኖረዋል። በብርድ ወራት የሞተሩ ካርቡራተር በበረዶ እንዳይደፈን የሚያሞቅ መሣሪያ ፈልስፈው፣ ያንኑ የመሰለ መሣሪያ ዛሬም በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ይሠራል።